በትንሽ ማሳ ላይ የበጋ አበባ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁሉንም ዘር በአንድ ቀን መዝራት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ይመስለኛል። መደቡ ተዘጋጅቷል፣ ዘሩ እጅ ላይ አለ፣ ማን ይታገሳል? በተለይ ሱፍ አበባ ላይ ጣጣው ይበዛል። ለእቅፍ አበባ ከሚዘሩት ዝርያዎች ብዙዎቹ አንድ ዘንግ አውጥተው፣ አንድ አበባ ሰጥተው ያበቃሉ። ከ2 ወር ገደማ በኋላ ሁሉም አንድ ሰሞን ይፈካሉ፤ ከዚያ መደቡ ባዶ ነው። ዘሩን ከፋፍለው በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዝሩ።

ለመቁረጥ መሳሳት

ያማረ አበባ ላይ መቀስ ማሳረፍ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ዚኒያና ኮስሞስ ዘር ማፍራት ከጀመሩ ማበባቸውን ይቀንሳሉ። ሲቆረጡ ደግሞ ከጎን አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። እንዲያውም ችግኙ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥቡት። የመጀመሪያው አበባ ትንሽ ይዘገያል፣ በምትኩ ብዙ ዘንግ ያገኛሉ። ባለ አንድ ዘንግ ሱፍ አበባን ግን አደራ፣ እንዳይነኩት!

ሳይደርስ፣ ወይም በቀትር መቁረጥ

ዚኒያ ያለጊዜው ከተቆረጠ አንገቱን ይደፋል። መለየቱ ቀላል ነው። ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ዘንጉን ይያዙና ነቅነቅ ያድርጉት። ከተልፈሰፈሰ ይቆየው፤ ቀጥ ካለ ደርሷል። ሱፍ አበባ በተቃራኒው ቢጫዎቹ የአበባው ቅጠሎች ከመሃሉ ቀና ማለት ሲጀምሩ ነው የሚቆረጠው። ሁሉንም በማለዳ ቆርጠው ወዲያው ንጹህ ውሃ ውስጥ ይንከሩ።

ማታ ማታ ከላይ ውሃ ማርከፍከፍ

ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ በሽታ ይጋብዛል። ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ አፈር ደግሞ ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል፣ በሙቀት ቀን መጀመሪያ የሚጠወልገውም እንዲህ ያደገ ተክል ነው። ጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ ጠለቅ ብሎ እንዲገባ ያጠጡ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የገለባ ጉዝጓዝ ቢጨምሩበት እርጥበቱ ይቆያል።

ፍግ ማብዛት

ኮስሞስ በጣም ሲመቸው ቅጠል ብቻ ይሆናል። መጠነኛ አፈር ይበቃዋል።

ድጋፉን ለኋላ ማቆየት

ነፋስ ያጋደመው ዘንግ በማግስቱ ወደ ፀሐይ ሲታጠፍ ይጣመማል፣ ቢያቀኑትም አይመለስም። መረቡን ወይም ገመዱን ተክሉ ገና ጉልበት ሳይደርስ ይወጥሩት።