‹ሪዩናይት› የሚለውን ቃል ስንጠቀም የምንስታቸው ነገሮች

የተለያዩትን መልሶ አንድ ማድረግ፦ የእንግሊዝኛው ‹ሪዩናይት› ፍቺ ይህ ነው። ሥሩ ‹አንድ› የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ ‹ኡኑስ› ነው። ተማሪ የሚለብሰው ዩኒፎርም፣ የገበሬዎች ዩኒየን፣ ዩኒቨርሲቲም ሳይቀር የዚህ ሥር ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት መገናኘትን ሁሉ ‹ሪዩናይት› ማለት ነው። በአማርኛ ‹ተገናኘን› ስንል ትናንት የተዋወቁትንም ከአሥር ዓመት በኋላ የተቃቀፉትንም ይይዛል። ‹ሪዩናይት› ግን ቀድሞ አንድነት፣ ቀጥሎ መለያየት እንደነበረ ይናገራል። ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰብ ማገናኘት የሚያመለክት ሰው ‹ከባለቤቴ ጋር የተገናኘነው አዲስ አበባ ነው› ለማለት ይህን ቃል ቢጽፍ፣ አንባቢው ከዚያ በፊትም አብረው ኖረው ነበር ብሎ ይረዳል፤ የታሪኩ ቅደም ተከተል ይዛባል። ለመተዋወቅ ‹ሜት› ይበቃል። እባካችሁ ይህችን ሳታዩ ፊርማችሁን አታኑሩ።

‹ሪዩናይት አጌን› ማለትም ትርፍ ነው። ‹ሪ› በላቲን ‹ወደ ኋላ›ም ‹እንደገና›ም ማለት ነውና። የእኛው ‹መልሶ› ሁለቱንም ይዟል፤ ‹መልሶ ሰጠ› እና ‹መልሶ ገነባ› የሚሉትን አስተያዩ። ተማሪዎች ‹ሪ›ን በ‹መልሶ› በኩል ቢማሯት ቶሎ የምትገባቸው ይመስለኛል።

የተሰበረ የሲኒ እጀታ ሲጣበቅ ‹ሪአታች› ነው። የጠፋ ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር ሲገናኝ ግን ‹ሪዩናይት› ያስኬዳል።

ከ‹ሪኮንሳይል› ጋር መደባለቁ ከዚህ ይከብዳል። እሱ እርቅ ነው፤ የመጣውም ጉባኤ ከሚባለው የላቲን ቃል ከ‹ኮንኪሊዩም› ነው። ባልና ሚስት ሳይታረቁ አንድ ቤት ሊመለሱ፣ ታርቀውም ተለያይተው ሊኖሩ ይችላሉ።

በስብከትና በንግግር የሚዘወተር ሌላም አለ፦ ‹ሪሜምበር› ማለት የተቆራረጠ አካልን መልሶ መቀጠል ነው የሚለው። ሐሳቡ ያምራል፤ የቃሉ ታሪክ ግን አይደለም። ‹ሪሜምበር› የመጣው ከ‹ሜሞር›፣ ማለትም ‹አስታዋሽ› ከሚለው ቃል ነው። ‹ሜምበር› የተወለደው ‹የአካል ክፍል› ከሚለው ከ‹ሜምብሩም› ነው። አካልን መቆራረጥ የሚለው ‹ዲስሜምበር› የዚህኛው ዘመድ ነው።

በተቃራኒው ተረት የሚመስለው እውነት ሆኖ ይገኛል። ሽንኩርት የሚባልበት ‹ኦኒየን› ከ‹ዩኒየን› ጋር አንድ ሥር አለው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ፣ ገበሬዎች ‹ኡኒዮ› የሚሉት ሽንኩርት እንዳለ መዝግቧል። ነጭ ሽንኩርት ብዙ ፍሬ ሆኖ ሲፈለቀቅ ቀይ ሽንኩርት አንድ ራስ ነውና፣ ስያሜው ከዚያ እንደመጣ ብዙዎች ያስረዳሉ።