ኤዲኤችዲ ይኖርብኝ ይሆን? አዋቂ ሴት ምልክቱን በራሷ ላይ እንዴት ትለያለች

ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ የሚታይበት የአእምሮ ሁኔታ) ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃተው፣ ከወንበር ወንበር የሚዘል ወንድ ልጅ ነው። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ኮምፒውተሩ ላይ ተክላ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ መስመር ያላነበበች የ35 ዓመት ሴት ትዝ አትለንም። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው የትኩረት ማነሱ ነው። መቅበጥበጡም ቢኖር ውስጥ ውስጡን ነው። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች በሐሳብ የምትነጉድ ተማሪ ማንንም አትረብሽም፣ ማንንም ስለማትረብሽ ደግሞ ሐኪም ጋ የሚወስዳት የለም። በልጅነታቸው ለምርመራ የሚቀርቡት በብዛት ወንዶች ናቸው፤ አዋቂዎች ሲጠኑ ግን የሴቶቹና የወንዶቹ ቁጥር በጣም ይቀራረባል። ሳይታዩ ያደጉ ብዙ ሴቶች አሉ ማለት ነው።

እነዚህ ሴቶች ሌላ ስም ተሰጥቷቸው ነው ያደጉት። ቀልበ ቢስ፣ ዝርክርክ፣ ፈዛዛ፣ "አንቺ ልጅ ልብሽ የት ነው?" እየተባሉ። በጣም የሚያሳዝነኝ ስሙን አምነው ተቀብለው መኖራቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ራስሽን መርምረሽ መጨረስ አትችይም። ሐኪም ጋ መሄድ ይኖርብኝ ይሆን ወይ የሚለውን ግን መወሰን ትችያለሽ፣ ስትሄጂም ባዶ እጅሽን አትሄጂም።

1. መጀመሪያ የምትከፍይውን ዋጋ እዪ

ከውጭ የሚታየውን ብቻ ካየሽ ምንም ላታገኚ ትችያለሽ፤ ሴቶች ይህን ነገር መሸፈን ተክነውበታል። እሁድ እንግዳ ያለባት ሴት እንበል። ከሰኞ ጀምሮ "ቤቱን ማስተካከል አለብኝ" እያለች ትጨነቃለች፣ ግን አትነሳም። ሐሙስ ያልፋል፣ ዓርብ ያልፋል። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ድንገት ይነሳባታል። ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጥዳ ሰፌድ ልታመጣ ጓዳ ትገባለች፣ ጓዳ ውስጥ የተከመረ ልብስ ታያለች፣ ልብሱን ማጠፍ ትጀምራለች፣ ከልብሱ ስር የድሮ ፎቶ ይወጣል፣ ፎቶውን ይዛ መሬት ቁጭ ትላለች። የምትነቃው ሽንኩርቱ ሲያርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ነው። እንደገና ትከትፋለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ገና ወለል እየወለወለች ነው። እሁድ ቤቱ ጽድት ብሏል፣ ወጡ ደርሷል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። እንግዶቹ "አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ!" ብለው መርቀዋት ይሄዳሉ። ሰኞ ከአልጋዋ መነሳት ያቅታታል፣ በራሷ ታፍራለች፣ ለምን እንደ ሰው ቀስ ብዬ አልሠራም ብላ ታለቅሳለች።

ያችን ሌሊት ያየ የለም። ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው "ሥራዬን እጨርሳለሁ ወይ?" ብለሽ ብቻ አይሁን። ሌላው ሰው በቀላሉ የሚያደርገውን ነገር ለማድረግ ምን ያህል እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ገንዘብ፣ እፍረት ያስከፍልሻል?

2. ለሁለት ሳምንት ያህል ጻፊ

አዲስ ደብተር አትግዢ፤ እሱም ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ መልእክት መላክ ይበቃል። የሆነውን ነገር በሆነበት ሰዓት፣ ባጭሩ። "ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ።" "ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ምን እንደተጠየቅኩ አላወቅኩም።" "የመብራት ሂሳብ ልከፍል ቴሌብር ከፍቼ ሌላ ነገር ሳይ ቆየሁ፣ ሳልከፍል ዘጋሁት።"

የምትከታተያቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ በደንብ ማየት ያለብሽን ልንገርሽ። ሥራ መጀመር ማቃት፣ የጀመሩትን በመጨረሻው ትንሽዬ ደረጃ ላይ ጥሎ መተው፣ ዕቃ ማስቀመጫውን መርሳት፣ ሰው ፊት ለፊትሽ እያወራ ቃሉን እየሰማሽ ሐሳቡ አለመግባቱ፣ በትንሽ ድምፅ መበተን፣ ፎርም መሙላትን የመሰለ አሰልቺ ነገር ለወራት መሸሽ። በሌላ በኩል ደግሞ ውስጥሽ አለማረፉ፦ ሶፋ ላይ ተጋድመሽ እንኳ አእምሮሽ ይሮጣል፣ እግርሽ ይወዛወዛል፣ የሰው ወሬ ሳያልቅ ታቋርጫለሽ፣ ሳታስቢበት ትገዣለሽ፣ ሳታስቢበት እሺ ትያለሽ።

ብዙ ሴቶች "እኔማ ኤዲኤችዲ ሊኖርብኝ አይችልም፣ የምወደውን ነገር ስሠራ ምሳ እንኳን እረሳለሁ" ይላሉ። ይሄ ራሱ የሚታይ ነገር ነው። ችግሩ ትኩረት አለመኖሩ ሳይሆን ትኩረቱን በፈለጉበት ሰዓት ወደፈለጉት ነገር ማዞር አለመቻሉ ነው። ትችት ሲሰማሽ ከልክ በላይ ልብሽ የሚሰበር ከሆነም ጻፊው። ስሜትን መቆጣጠር ማቃት ከዋናዎቹ የመመርመሪያ መስፈርቶች ውስጥ ባይሆንም ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው።

ስለ ማርፈድ አንድ ነገር ልበል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማን አያረፍድም? ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆሞ ያረፈደ ሰው ምልክት አላሳየም። ቤት ቁጭ ብሎ "መንገድ ላይ ነኝ" የሚለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደሚያረፍድ እያወቀ ነው። አንቺ ግን ከአራት ኪሎ ስታዲየም ልብስ መቀየሩን፣ ሻወሩን፣ ቁልፍ ፍለጋውን፣ ታክሲ ጥበቃውን ጨምሮ በ15 ደቂቃ እደርሳለሁ ብለሽ ከልብሽ ካመንሽ፣ በየቀኑ ካመንሽ፣ በየቀኑም ከደነገጥሽ፣ እሱን ጻፊው።

3. አንድ ቦታ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ቦታ?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም፣ ምልክቶቹን በሁለት ቡድን ይከፍላል፦ ትኩረት ማጣት እና መቅበጥበጥ ከችኮላ ጋር። በእያንዳንዱ ቡድን 9 ምልክት አለ። ዕድሜዋ 17 እና ከዚያ በላይ የሆነች ሴት ቢያንስ ከአንዱ ቡድን 5 ምልክት ሊኖራት፣ ምልክቶቹም ቢያንስ 6 ወር ሊቆዩና ከሁለት ባላነሱ ቦታዎች ሊታዩ ይገባል። ኑሮዋንም በግልጽ ማወክ አለባቸው። ቢሮ ብቻ ከሆነ የምትፈዢው አለቃሽ ወይም ሥራው ይሆናል። ቢሮም፣ ቤትም፣ ዕድርም፣ ጓደኞችሽ ጋም፣ ቅዳሴ ላይ ቆመሽም ያው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

4. ወደ ልጅነትሽ ተመለሺ

ይሄኛውን አትዝለዪ። ኤዲኤችዲ በ30 ዓመት አይጀምርም። በዚያው መመሪያ መሠረት አንዳንዶቹ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መኖር አለባቸው (ቀድሞ 7 ዓመት ነበር የሚባለው)። ለዚህ ደግሞ ከእናትሽ ወይም ካሳደገችሽ አክስት የተሻለ ምስክር የለም።

አጠያየቁን ግን አስቢበት። "እማዬ፣ ልጅ እያለሁ የአእምሮ ችግር ነበረብኝ?" ካልሻት ትደነግጣለች፣ "ልጄ እኮ ምንም አልነበራትም!" ብላ ትዘጋዋለች። ቡና እየተጠጣ "ልጅ እያለሁ ሱቅ ስትልኪኝ እንዴት ነበርኩ?" በያት። ዘይት ተልካ ሳሙና ይዛ የመጣችውን፣ ሳንቲሙን የጣለችውን፣ ሹራቧን ትምህርት ቤት ረስታ ስንቴ የተገረፈችውን ልጅ ታሪክ ራሷ ታወራልሻለች። የድሮ የትምህርት ቤት ካርድሽ ካለ ውጤቱን ተይውና የመምህሩን አስተያየት አንብቢ። "ጎበዝ ናት ነገር ግን ትኩረት ታንሳለች"፣ "ወሬ ትቀንስ"፣ "ከዚህ የበለጠ መሥራት ትችላለች" የሚሉት በየዓመቱ ከተደጋገሙ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪያቸው።

ጥሩ ውጤት ነበረኝ ብለሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። ጭንቅላቷ ፈጣን የሆነች፣ እናቷ ደብተሯን በየማታው የምታይላት፣ ሰዓቷን ሌላ ሰው የሚጠብቅላት ልጅ 12ኛ ክፍልን አሪፍ ውጤት ይዛ ልታልፍ ትችላለች። ችግሩ የሚፈነዳው ካምፓስ ገብታ ማንም ሳይቀሰቅሳት መነሳት ሲኖርባት ነው። ወይም ስታገባ። ወይም ስትወልድና የራሷ ቀጠሮ ላይ የልጁ ክትባት፣ የሠራተኛዋ ደሞዝ፣ የባሏ ዘመዶች ለቅሶ ሲደረቡበት። ብዙ ሴቶች ለራሳቸው የነቁት ልጃቸው ሲመረመር ነው፤ ሐኪሙ ስለ ልጁ ሲጠይቃቸው ስለነሱ የሚያወራ ይመስላቸዋል። ኤዲኤችዲ በቤተሰብ ይወረሳል፤ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ከዘር ውርስ ጋር ያያይዙታል።

5. የወር አበባሽንም መዝግቢ

በማስታወሻሽ ላይ ቀኑን ምልክት አድርጊበት። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ትኩረት ላይ ትልቅ ሚና ካለው ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር ግንኙነት አለው፤ ስለዚህ ኢስትሮጅን በሚቀንስበት ጊዜ፣ ማለትም የወር አበባ ሊመጣ ሲል፣ ከወሊድ በኋላ እና ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ምልክቱ የሚብስባቸው ሴቶች አሉ። በ45 ዓመቷ "አእምሮዬ ሄደ" ብላ የምትደነግጥ ሴት ድሮም የነበረባት ነገር ገና አሁን ገፍቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

6. ሌላ ምክንያት አለመሆኑን አጣሪ

ትኩረት የሚያጠፋ ነገር ብዙ ነው። የደም ማነስና የብረት እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ያልሻረ ሐዘን። ሄሞግሎቢንና ታይሮይድ ተራ የደም ምርመራ ናቸው፤ ከሁሉም በፊት እነሱን ተሠሪ። መቼ እንደጀመረሽም አስታውሺ። ከሰፈርሽ ተነስተሽ ከጎረቤትና ከዕድርሽ ርቀሽ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ከገባሽ ወዲህ ከሆነ፣ ወይም ሰው ከሞተብሽ ወዲህ ከሆነ፣ ኤዲኤችዲ ላይሆን ይችላል። እሱም ቢሆን ግን እርዳታ ይገባዋል።

ደግሞ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ድብርት ወይም ጭንቀትም አለባቸው፤ ለዓመታት የሚታከሙት ለሱ ብቻ ይሆንና ስሩ ሳይነካ ይቀራል።

ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። "ስቅም ነው ሥራ የምሠራው" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ካቲኖን የሚባለው የጫት ንጥረ ነገር አምፌታሚን እንደሚባለው መድኃኒት የሚያነቃቃ ስለሆነ ለጊዜው እውነት ይመስላል። እንቅልፍሽን ይወስድና በማግስቱ ከነበርሽበት ወደ ባሰ ይጥልሻል እንጂ ሕክምና አይሆንም።

7. ስድስቱን ጥያቄዎች መልሺ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ 6 ለቅድመ ማጣሪያ ያገለግላሉ፣ ሐሳባቸው ይሄ ነው፦ ከባዱን ሠርተሽ የመጨረሻዋን ቁራጭ መጨረስ ይከብድሻል? ቅደም ተከተል የሚፈልግ ሥራ ማደራጀት ይከብድሻል? ቀጠሮና ግዴታ ትረሻለሽ? ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራ ትሸሻለሽ ወይ ታዘገያለሽ? ረጅም ጊዜ ስትቀመጪ እጅና እግርሽ ይቁነጠነጣል? ሞተር እንደተገጠመለት ሰው ማረፍ ያቅትሻል?

ያለፉትን 6 ወራት አስበሽ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያጋጥምሽ መልሺ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት "አንዳንዴ" እና ከዚያ በላይ፣ ለኋለኞቹ ሦስት "ብዙ ጊዜ" እና ከዚያ በላይ ካልሽ ይቆጠራል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ባለሙያ ሂጂ። ምርመራ ግን አይደለም፤ በሩን የሚያሳይ ብቻ ነው።

8. ሂጂ

የምትሄጂው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ነው። መሃል ከተማ ላይ ዘውዲቱ መታሰቢያ እና ጥቁር አንበሳ የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፣ አማኑኤልም አለ፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ለመንግሥት ሆስፒታል ብዙውን ጊዜ የጤና ጣቢያ ሪፈር ስለሚጠየቅ አስቀድመሽ አጣሪ። የአማኑኤል ስም ብዙ ሰው እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ስሙ ለስድብ ሲውል ሰምተን ነው ያደግነው። እዚያ የሚሰለፈው ግን እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ፣ ያዘነ፣ እንደኔና እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። ጸበል የምትጠመቂ ከሆነም ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው የለብሽም።

ማስታወሻሽን፣ የካርዱን ፎቶ፣ የደም ምርመራ ውጤትሽን ያዢ። ከተቻለ በልጅነትሽ የሚያውቅሽን ሰው ይዘሽ ሂጂ። "ትኩረት የለኝም" ብቻ አትበይ፣ ምሳሌ ተናገሪ። ቀጠሮውን እንዳትረሺው ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ቀኑን ንገሪያት፣ በዋዜማው ትደውልልሽ።

ከተረጋገጠ ሕክምና አለው። ሜቲልፌኒዴት እና አቶሞክሴቲን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፣ አኗኗርን ለማስተካከል የሚረዳ፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምናም አለ። መድኃኒቶቹ የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምሩ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጠሽን ኪኒን በራስሽ እንዳትውጪ። ካረገዝሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ መጀመሪያ ተናገሪ።

ቀጠሮሽ እስኪደርስ የሚያግዝሽን ነገር ልብ በይ፤ ብዙዎቹ በእጅሽ ናቸው። ብቻሽን ገንዘብ ማስቀመጥ አቅቶሽ ዕቁብ ላይ ግን አንድም ጊዜ ካላጓደልሽ፣ አንቺን የሚረዳሽ ቀኑን ጠብቆ የሚጠይቅሽ ሰው መኖሩ ነው። እሱኑ ለሌላውም ተጠቀሚበት። ፎርሙን ስትሞዪ ጓደኛሽ አጠገብሽ የራሷን ሥራ ትሥራ። ቁልፍሽ በሩ ላይ በተመታ ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፣ ሌላ ቦታ አይኑር።

የመጀመሪያው ባለሙያ "ዲግሪ ይዘሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ ልጅ እያሳደግሽ ምን ኤዲኤችዲ ትያለሽ?" ብሎ ቢመልስሽ አትሟገቺው። ዲግሪውን በስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደገዛሽው የሚያሳየውን ማስታወሻ ይዘሽ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሂጂ።