«እንጀራው ጤፍ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የማይስማማው ልጅ ይዛችሁ ምግብ ቤት ከገባችሁ «ጤፍ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። «ከጤፉ ጋር ምን ተቀላቅሏል?» በሉ፤ ስንዴው ወይም ገብሱ ያኔ ይወጣል። ማሽላ፣ ሩዝና በቆሎ በራሳቸው ግሉተን የላቸውም። ግን ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍም ንጹሕ አይደለም፤ እርሾውም ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለት እንጀራ ከቤት ጠቅልላችሁ ያዙ። ጥብሱን «በታጠበ መጥበሻ፣ እንጀራ ሳይነጠፍ፣ በባዶ ሳህን» ብላችሁ እዘዙ፤ የተነጠፈው እንጀራ መረቁን ይመጠዋልና ከላይ ሥጋውን ብቻ ማንሳት አያድንም። ልጁ ከትሪው አይብላ። የአክስት ጉርሻም ይቅር (ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው)።

ሐይቅ ከተማ ዓሣ ካማራችሁ በስንዴ ዱቄት ተለውሶ ይጠበስ እንደሆነ ጠይቁ። «ለእሱ ያለ ዱቄት» ቢሏችሁም ዘይቱ ያው ከሆነ ተዉት።

ልጁ ገና ካልተመረመረ ግን ስንዴ አታስቁሙት፤ ግሉተን ካቆመ በኋላ የሚደረግ የደም ምርመራ ሴሊያክን (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበትን በሽታ) ሊስተው ይችላል።