ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) ላይ ኮሚታችሁ (መዝግባችሁ ያስቀመጣችሁት ስራ) ከጠፋባችሁ እንዲህ አርጉ

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ 6 ፐርሰንት ላይ እያለ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ጊት ሪሴት ሃርድ (git reset --hard፣ ስራውን ወደ ሌላ ኮሚት የሚመልስ ትዕዛዝ) አልኩና የሶስት ቀን ስራዬ ድምጥማጡ ጠፋ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ከገጠማችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። ከዛ ተርሚናሉ ላይ ጊት ሪፍሎግ (git reflog) በሉ፣ ሄድ (ያላችሁበትን ኮሚት የሚያሳየው ጠቋሚ) የነበረበትን ቦታ ሁሉ ከነመለያ ኮዱ ይዘረዝርላችኋል፣ ከሪሴቱ በፊት ያለችውን መስመር ፈልጋችሁ ኮዷን ኮፒ አርጉና በሷ አዲስ ብራንች (የስራ ቅርንጫፍ) ክፈቱ፣ በቃ ተመለሰ። ደግማችሁ ሪሴት እንዳትሉ ብቻ (እኔ ልል ነበር)።

ኮሚት ያላረጋችሁት ግን እዚህ የለም። ጊት አድ (git add፣ ፋይሉን ለኮሚት የሚያዘጋጅ ትዕዛዝ) ብላችሁት ከነበረ ጊት ኤፍኤስሲኬን ከሎስት ፋውንድ ጋር (git fsck --lost-found) ሞክሩ፣ ፋይሎቹ ስማቸው ጠፍቶ ነው የሚመጡት፣ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት ነው እንግዲህ። አድም ካላላችሁ ኤዲተሩ ካልተዘጋ ኮንትሮል ዜድ። ደግሞ አትቆዩ፣ ሴቲንጉን ካልነካችሁት እንዲህ ተቆርጠው የቀሩ ኮሚቶች ሪፍሎግ ላይ የሚቆዩት 30 ቀን ነው።