በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፓይለር የሚሠራ የሲ ኮድ እንዴት ይጻፋል?

የአጎቴ ልጅ ዳንግላ ውስጥ እህል ይነግዳል። የገባውን በቆሎና ጤፍ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ባህር ዳር ሆኜ ጻፍኩለትና ኮዱን በፍላሽ ይዤለት ሄድኩ። የእሱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለሩ፣ ጂሲሲ የሚባለውም የቆየ። ኮምፓይል ሳደርገው ገና የመጀመሪያው ፎር ሉፕ ላይ ኤረር አወጣ። በእኔ ሊኑክስ ላፕቶፕ ግን አንድ ዋርኒንግ እንኳ አልነበረውም።

ሲ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስታንዳርዱ ብዙ ነው፦ ሲ89፣ ሲ99፣ ሲ11፣ ሲ17፣ አሁን ደግሞ ሲ23። የቱን እንደምትፈልጉ ካልነገራችሁት ኮምፓይለሩ ራሱ ይመርጣል። ጂሲሲ ከቨርዥን 5 በፊት የሚነሳው ከሲ89 ነበር። ከ5 ጀምሮ ሲ11፣ ከ8 ጀምሮ ሲ17፣ ከ15 ጀምሮ ደግሞ ሲ23 ሆኗል። የሉፑን ቆጣሪ ፎሩ ቅንፍ ውስጥ ማወጅ የተፈቀደው በሲ99 ነው። ዳንግላ ላይ የያዘኝም ይኸው ነው።

እና ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ስታንዳርድ ምረጡ። በኋላ «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን። የእኔ ምርጫ ሲ99 ነው፤ አሮጌ ኮምፓይለሮችም በአብዛኛው ያውቁታል። ምርጫችሁን ኮምፓይል ስታደርጉ ትእዛዙ ላይ በሚጨመረው በኤስቲዲ ፍላግ ንገሩት። ዎልና ኤክስትራ የሚባሉትን የዋርኒንግ ፍላጎች ጨምሩ። ፔዳንቲክ የሚባለውንም ፍላግ በፍጹም አትርሱ። እሱ ከሌለ ጂሲሲ የራሱን ጭማሪዎች ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሌላ ኮምፓይለር ጋ ስትደርሱ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ፍላጉን ስጨምር ኮዱ ኮምፓይል ሆነ። ለሙከራ 30,000 ኩንታል አስገባሁበት። ድምሩን በግራም ነበር የምይዘው፤ የወጣው ቁጥር ‑1,294,967,296!

ይህኛው ከኤረር ይብሳል፤ ማንም ሳያይ የሰው ሒሳብ ያበላሻል። ድምሩን ያስቀመጥኩት ሎንግ በሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ውስጥ ነበር። ሎንግ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ነው፣ በዊንዶውስ ግን 4 ባይት ብቻ። 4 ባይት ደግሞ ከ2,147,483,647 ግራም በላይ አይችልም፤ ወደ 21,474 ኩንታል መሆኑ ነው። ድሮ እህል በቁና ሲሰፈር የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ይለይ ነበር። ሎንግና ሌላው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ኢንትም እንደዚያው ናቸው። ስታንዳርዱ የሚያስገድደው ትንሹን መጠን ብቻ ነው፦ ለኢንት 16 ቢት፣ ለሎንግ 32። እንደ ቁና ሳይሆን እንደ ኪሎ የትም የማይለወጥ መጠን ከፈለጋችሁ ስታንዳርድ ኢንት የሚባለውን ሄደር አስገቡና መጠኑ በስሙ የተጻፈውን ዓይነት ተጠቀሙ። ድምሩን ወደ 64 ቢቱ ቀየርኩት። ስታትሙት ደግሞ ፎርማቱን በግምት አትጻፉ፤ ኢንትታይፕስ ሄደር ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጁ ማክሮዎች አሉ።

አሁን ወደ አዲሱ እንዙር፤ የቆየ ኮድ ሲ23 ላይ ይሰበራልና። ቡልን (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዘውን ዓይነት) ለዓይነት ስም በሚያወጣው በታይፕዴፍ ራሳችሁ አትፍጠሩ፣ ሲ23 ላይ የቋንቋው ቁልፍ ቃል ሆኗል። ስታንዳርድ ቡል ሄደርን ብታስገቡ ከሲ99 እስከ ሲ23 ያስኬዳችኋል። ፈንክሽን ምንም የማይቀበል ከሆነ ቅንፉ ውስጥ ቮይድ ጻፉ። ባዶ ቅንፍ ድሮ «ምን እንደሚቀበል አልተነገረም» ማለት ነበር፣ በሲ23 ግን «ምንም አይቀበልም» ነው። መስመር የሚያነበውን ጌትስ የተባለ ፈንክሽን እርሱት፤ ሲ11 አስወጥቶታል፣ በኤፍጌትስ ተኩት።

የግድ አዲስ ነገር ካስፈለጋችሁ የስታንዳርዱን ቁጥር የሚይዘውን ማክሮ ከኮምፓይሉ በፊት ኮዱን በሚያዘጋጀው በፕሪፕሮሰሰር ጠይቁ። ለሲ99 199901፣ ለሲ11 201112፣ ለሲ17 201710፣ ለሲ23 202311 ነው። ለአሮጌው ሌላ መንገድ ካላዘጋጃችሁ ግን መጠየቁ ብቻውን አይረዳችሁም።

በመጨረሻ ያንኑ ኮድ በሲ99፣ በሲ11 እና በሲ23 አንድ አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርጉት። ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ካላችሁ በእሱም ድገሙት። እኔ ይህን ሁሉ ጨርሼ ዳንግላ ላይ ያንኑ 30,000 ኩንታል እንደገና አስገባሁ። 3,000,000,000 አለ።