ናፍጣ የሚያስበሉ፣ ጭስ የሚያበዙ የከባድ መኪና ስህተቶች

ጠዋት ላይ የአባይን ድልድይ ተሻግረው ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወጡትን ተሳቢዎች ቆም ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጥቁር ጭስ ይለቃል። ከኋላው ያለው ባጃጅ አይታይም፤ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ልጅ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። የናፍጣ ጭስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስታውቋል። ቀድሞ የሚተነፍሰው ደግሞ ራሱ ሹፌሩና ረዳቱ ነው። አዲስ መኪና መግዛት ሳያስፈልግ ይህን ጭስ በደንብ መቀነስ ይቻላል፤ እነዚህን ስህተቶች ብቻ ተዉ።

«ካጨሰ ጉልበት አለው» ማለት

ከሁሉም የሚጎዳን ይሄ አባባል ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ከፍላችሁበት በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ለገባው ናፍጣ የሚበቃ አየር አልተገኘም ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው ጎሃ ጽዮን ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የደከመ ወይም የአየር ቱቦው የሚያፈስ መኪና ጅቡቲ ላይ ያላሳየውን ጭስ እኛ ጋ ሲደርስ ያሳያል። ታዲያ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ጋራዥ ሄዶ ብዙ ናፍጣ እንዲገፋ ፖምፓውን ያስከፍታል። አየር ያጠረው ሞተር ላይ ናፍጣ መጨመር! ጭሱ ይብሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቱርቦና ፒስተን ይቃጠላል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን፣ ከዚያ የቱርቦውን ቱቦዎች፣ ከዚያ ናፍጣውን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አስፈትሹ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ስለሚችል ጉዞ አትቀጥሉ።

በፎሌ መውረድ

አባይ በረሃ ላይ ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ፎሌ የሚያደርጉ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥተው የሚለቁት አሉ። ወንድሞቼ፣ ቁጠባውም የለበትም። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ ናፍጣውን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው ጉልበት ነው። ፎሌ ስታስገቡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት ይጀምራል። በዚያ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ካለ የሚጠፋው ሕይወት ነው። ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገቡ፣ የሞተር ፍሬኑን ክፈቱ። ዳገቱን ስትወጡም ሞተሩ እስኪያቃስት በቀላል (ከፍተኛ) ማርሽ አትግፉት፤ ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ሞተር ሳያጠፉ መቆም

ቁርስ እስኪበላ፣ ተራ እስኪደርስ፣ ዕቃ እስኪራገፍ ሞተሩ ይንጫጫል። ቆሞ የሚሠራ የከባድ መኪና ሞተር በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይጠጣል። እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ወጥታችሁ ከሆነ ቱርቦው እንዲበርድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አጥፉት።

የአየር ፊልትሮን በኮምፕረሰር መደብደብ

አቧራው ብዙ ነው፣ እውነት ነው። ግን በኃይለኛ አየር ሲነፋ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ አቧራውም ቀጥታ ሞተር ውስጥ ይገባል። መንፋት ካለባችሁ በቀስታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከተቀደደ ወይም በዘይት ከራሰ ቀይሩት፤ የፊልትሮ ዋጋ ከሞተር እድሳት ጋር አይወዳደርም።

የጎማ አየር በእግር መርገጥ መለካት

ጎማን በእግር ረግጦ «ደህና ነው» ማለት ልማድ ሆኗል። የላላ ጎማ መኪናውን ወደኋላ ይጎትታል፣ ናፍጣ ያስበላል፣ በረሃ ላይ ደግሞ ይፈነዳል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ለኩ። መንታ ጎማዎች ላይ የውስጠኛውን አትርሱ፣ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የጀሪካን ናፍጣ

ሰልፉ ሲረዝም ከመንገድ ዳር መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር ይበላል። የተበላ ኢንጀክተር ናፍጣውን በደንብ ስለማይበትነው ጭሱ ከዚያ በኋላ አይለቃችሁም። ከገዛችሁም ማታውን የውሃ መለያ ፊልትሮውን አፍስሱ።

አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚረጭ የዩሪያ ፈሳሽ) የሚጠቀም መኪና ያላችሁ ሲስተሙን አታስዘጉ። መርዛማውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት የሚቀይረው እሱ ነው።

ባለንብረቶችም አንድ የምትሳሳቱት ነገር አለ፦ መዝገብ አለመያዝ። ናፍጣ በተሞላ ቁጥር ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደርሶ መልስ የሚበላው በተመሳሳይ ጭነት ከጨመረ ሹፌሩን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ኢንጀክተሩን አስፈትሹ።