የረባሾች ወረቀት ሲዋሽ እንዴት ይደረስበታል?

በጅማ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የየክፍሉ ጉድ በእረፍት ሰዓት እኔ ጋ ይመጣል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጅማ ዝናብ እረፍቱ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው።

ይህን የምጽፈው ክፍላችሁ ውስጥ ሰው እየተበደለ በዳዩ ማን እንደሆነ ላልገባችሁ ልጆች ነው። ምሳሌዬ እንዲህ ያለውን ጉድ ያወጡ ሦስት የሰባተኛ ክፍል ጓደኛሞች ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ድምፁ የማይሰማ አንድ ልጅ አለ። መምህር በወጣ ቁጥር ግን ስሙ «ረባሾች» ከሚለው ወረቀት አይጠፋም። አጠገቡ ኤክስ ይደረደራል፤ ከዚያ መንበርከክ ነው። ለምን ሲባል አይናገርም። ክፍሉ በሙሉ አንድ ረጅም ተደባዳቢ ልጅ ላይ ፈረደ፤ «እሱ ነው የሚያስጽፈው» ተባለ።

መጀመሪያ፣ ስሙ በክፉ የሚነሳውን ልጅ ለጊዜው ተዉት። ጉልበተኛ ከተባለ ያላደረገውም ይለጠፍበታል። «ማን ክፉ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እስክሪብቶው ማን እጅ ነበር?» በሉ። እዚህ እስክሪብቶው የክፍል አለቃው እጅ ነበር።

ቀጥሎ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። ከመምህር ጠረጴዛ ላይ ግን ምንም እንዳትነኩ! ልጆቹ ያገኙት ከቆሻሻ ቅርጫት ነው፤ መምህሩ ቀጥቶ ሲጨርስ ጨምድዶ ይጥለዋል። አቃኑት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ደብተር ውስጥ አስቀምጡት።

አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርጉ። ስሙ የሚደጋገመውን ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ የማይጻፈውንም እዩ። በጣም የሚያወራ ሆኖ ስሙ የሌለ ልጅ ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ማን የትኛው ቀን ቀሪ እንደነበር አስታውሱ። ጉዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ወሩ ኅዳር ነው፣ ቡና ለቀማ ነው፣ ብዙ ልጅ ይቀራል። ያ ዝምተኛ ልጅ ማክሰኞ ዕለት ማና ወረዳ አያቶቹ ዘንድ ቡና ሲለቅም ውሏል። የማክሰኞው ወረቀት ላይ ግን ስሙ አለ፤ ያውም ከሁለት ኤክስ ጋር። አለቃው ቀና ብሎ እንኳን አላየም፤ ከልማዱ ነው የጻፈው።

የተበደለውን ልጅ ስትጠይቁ «ማን ነው?» ብላችሁ አታፋጥጡት። በሚቀናው ቋንቋ አውሩት። ይሄኛው በአማርኛ ዝም ይላል፣ በኦሮምኛ ሲያወሩት ግን ተፈታ። ከሦስቱ ጓደኛሞች አንደኛዋ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው፦ «ትናንት ሳምቡሳ ለምን አልገዛህም?» ብሩን ለአለቃው ሰጥቶ ነበር። ብር የሰጠ ስሙ ይሰረዛል፣ ያልሰጠ ይጻፋል። ሌሎች ምስክሮችን ደግሞ ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ከሆኑ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግመዋል። በዚህ መንገድ ነው ያ ረጅሙ ተደባዳቢም ከፋይ እንደነበረ የታወቀው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ እሱ ግን አፍሯል።

አለቃውን ራሳችሁ አታፋጥጡ። ቦርሳውን አትፈትሹ። የክፍሉ ቴሌግራም ላይም እንዳትለጥፉት፤ ነገሩ ወደ ስድብ ይዞራል፣ ማስረጃውም ይረሳል።

ለክፍል ኃላፊው መምህር ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ተናገሩ። ክፍለ ጊዜ ሲለዋወጥ ኮሪደር ላይ አይሆንም፤ ትምህርት ካለቀ በኋላ ይሁን። «አለቃው ጉቦ ይበላል» ብላችሁ አትጀምሩ። «መምህር፣ ይህ የማክሰኞ ወረቀት ነው። የማክሰኞን አቴንዳንስ ቢያዩልን?» በሉ። የቀረውን አቴንዳንሱ ይናገራል። ካልሰሟችሁ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አሉ፤ ወላጆቻችሁም ለወላጅ መምህር ኅብረት ማቅረብ ይችላሉ። ወረቀቶቹን ከመስጠታችሁ በፊት ግን በእጃችሁ ገልብጣችሁ አስቀሩ።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ጠይቁ። አለቃ በየሳምንቱ ይቀየር። ስም የሚጽፍ ሰው ደግሞ ልጁ ምን እንዳደረገ ከጎኑ ይጻፍ። ያን ረጅም ልጅ ደግሞ በሐሜታችሁ ስለጎዳችሁት ይቅርታ ጠይቁት፤ ክፍሉ ፊት ያማችሁትን ክፍሉ ፊት።